ወገብ ላይ ያረፉ እጆች

ምጥ አንዳንዷን ሴት ከሆዷ ይልቅ ወገቧን ይዞ ያስጨንቃታል። እንዲህ ያለችው ወላድ አልጋውን ተደግፋ ስታጎነብስ፣ በውጭው ዓለም «ዱላ» የሚሏት የምጥ አጋዥ ከኋላዋ ትቆማለች። መዳፎቿን በወላዷ ዳሌ ላይ ግራና ቀኝ ታሳርፍና፣ ምጡ ሲነሣ ሁለቱን ጎን ወደ መሀል ትገፋለች። ክርኖቿ ወደ ውጭ ተከፍተዋል፤ ጉልበቱ ከደረቷና ከትከሻዋ ይመጣል፤ በእጅ አንጓዋ ብቻ ብትገፋ ሌሊቱን አትዘልቀውም። ምጡ ሲያይል ታጠብቃለች፣ ሲበርድ ቀስ እያለች ትለቃለች። መቼ እንደሚነሣ የሚነግራት የለም፤ የወላዷ ትንፋሽ ሲለወጥ ሰምታ እጇን ቀድማ ታደርሳለች። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ጆሮዋ ነው።

አጋዧ ማህፀን አትመረምርም፣ የፅንስ ልብ ምት አታዳምጥም፤ ያ የአዋላጇና የሐኪሙ ሥራ ነው።

ለዚህ ሙያ መልክ ከሰጡት አንዷ ሲያትል የኖረችው ፊዚዮቴራፒስት ፔኒ ሲምኪን ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 ከሌሎች ጋር ሆና ዶና የተባለውን የአጋዦች ማኅበር መሠረተች። ምጥን በደንብ የሚወጡት ሴቶች የየራሳቸውን ስልት አግኝተው እንደሚደጋግሙ አስተውላለች፤ አንዷ ትወዛወዛለች፣ አንዷ ታንጎራጉራለች፣ አንዷ ትቆጥራለች። የአጋዧ ብልሃት ያንን ስልት እንዳይሰበር መጠበቅ ነው። በእኛ አገር ሴቶች ወላዷን ከበው «ማርያም ማርያም» ሲሉ፣ ድምፁ ከምጡ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል የሰማ ሰው ነገሩ አይጠፋውም።

ደግሞ የአጋዧ መቆየት አለ። ተረኛ አዋላጅ ብዙ ወላድ ይጠብቃታል፤ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ፈረቃዋ ሲያልቅ ትሄዳለች። አጋዧ ግን አትሄድም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ተቋም ግምገማ በ17 አገሮች ከ15,000 በላይ ሴቶችን አካቶ ነበር፤ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙት በምጥ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ብሎ፣ ምጣቸው አጥሮ፣ በኦፕራሲዮን መውለዳቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

ሲምኪን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው ጥናት፣ ሴቶች ከ15 እስከ 20 ዓመት በኋላም የመጀመሪያ ምጣቸውን በዝርዝር እንደሚያስታውሱ አሳይታለች፤ ማን ምን እንዳላቸው ጭምር። ስለዚህ ጠንቃቃ አጋዥ የሆነውን ሁሉ ከነሰዓቱ በማስታወሻ ትይዛለች። ከቀናት በኋላ አራሷን ቤቷ ሄዳ ስትጠይቅ ያመለጣትን በተራው ትነግራታለች፤ «ሰው ሁሉ አስቸገርኩ መሰለኝ» ለምትል እናት ስንት ሰዓት እንደቻለችው፣ በየትኛው ሰዓት ምን ብላ እንደበረታች ከማስታወሻው እያነበበች ታስረዳታለች።