ዞራ የሳተችው መልስ

የታዋቂ ደራሲን ልጅነት በምስጢር ፍለጋ ልብወለድ ለታዳጊዎች የሚጽፍ ሰው ገና ሲነሣ ችግር ይገጥመዋል። ባለታሪኳ እንደማትሞት፣ አድጋም ስመ ጥር እንደምትሆን አስቀድሞ ስለሚታወቅ የልብ ሰቀላው ግማሽ ከወዲሁ ይሟሽሻል። ቪክቶሪያ ቦንድና ቲ. አር. ሳይመን በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «ዞራና እኔ» ግን ሥጋቱን ከልጅቷ ላይ አንሥቶ ከተማዋ ላይ ጣለው።

ከተማዋ የፍሎሪዳዋ ኢተንቪል ናት፤ በ1887 በሕግ የተቋቋመች፣ ጥቁሮች ከንቲባቸውን ራሳቸው መርጠው ያስተዳደሯት። ደራሲዋ ዞራ ኒል ኸርስተን ያደገችው እዚያ ነው፤ ሰባኪው አባቷም ኋላ ከንቲባ ሆነዋል። እዚህ የሚያድግ ልጅ በየቀኑ የሚያየው ሹም እንደ እሱ ጥቁር ስለሆነ የነጭ የበላይነትን የሚያውቀው ከወሰኑ ማዶ እንዳለ ነገር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አይቮሪ የተባለ ተዘዋዋሪ ሠራተኛ ሞቶ ሲገኝ፣ ትንሿ ዞራ ገዳዩን ለማግኘት አልዘገየችም። ብቻቸውን የሚኖሩት ሚስተር ፔንደር ገሚሳቸው ሰው ገሚሳቸው አዞ ናቸው ትላለች።

መልሱ ስህተት ነው። እውነተኛው ክር የሚያመራው ቆዳዋ ነጣ ስላለ ራሷን እንደ ነጭ ወደምታኖር ጥቁር ሴት፣ በእሷም በኩል ጥቁርና ነጭን ወደሚለየው የቀለም ድንበር ነው። በዚህ ዘውግ ልጅ መርማሪ ዘወትር ትክክል፣ አዋቂዎች ዘወትር ዕውር የሚሆኑበት ልማድ አለ፤ ቦንድና ሳይመን ይህን መጣሳቸው የመጽሐፉ ትልቁ ብልኃት ነው ብዬ አምናለሁ። ልጆቹ ለዘር ጥላቻ ገና ቃል የላቸውም። የአዞው ተረት የሚያስፈራቸውን ነገር ፊት ሰጥቶ እንዲነጋገሩበት ያስችላቸዋል፤ ፍለጋውንም የሚያስጀምረው እሱ ነው። ዞራ ገዳዩን ብትስትም ከተማዋ የደበቀችው ፍርሃት እንዳለ ግን አልሳተችም።

ተራኪዋ ዞራ አይደለችም፤ ጓደኛዋ ኬሪ ናት። ምርጫው ከእውነተኛዋ ኸርስተን ጋር በእጅጉ ይስማማል። ኸርስተን በ1891 አላባማ ውስጥ ኖታሳልጋ ተወልዳ ሳለ በ1942 ባሳተመችው ግለ ታሪክ የትውልድ ቦታዋን ኢተንቪል አደረገችው፤ በ1917 ባልቲሞር ውስጥ ነፃ ትምህርት ለማግኘትም ከዕድሜዋ ዐሥር ዓመት ቀንሳለች። ስለ ራሷ የምትለው ሁሉ መመርመር ላለበት ሰው፣ ከአጠገቧ የሚቆም ምስክር ያስፈልጋል። ኬሪ ጓደኛዋን ትወዳታለች፤ ግን ሁልጊዜ አታምናትም።

ደካማው ጎን የሚመጣው ይህ ጥርጣሬ ሲላላ ነው። ኬሪ ዞራን ለታላቅነት የታጨች አድርጋ በምታወድስባቸው ገጾች አንባቢው ልጅቷን ማየቱን ትቶ የወደፊቷን ደራሲ ያያል። ጽሑፉ አድናቆቱን ሳይናገር ይበልጥ ያሳምናል፤ ልጆቹ በጆ ክላርክ ሱቅ በረንዳ የአዋቂዎችን ወግ ሲቀስሙ፣ በ1935 የሕዝብ ተረቶችን አሰባስባ የምታሳትመው ኸርስተን ከዚያ እንደተነሣች ማንም ሳይነግረን እንረዳለን።

ሳይመን ብቻዋን የጻፈችው የ2018ቱ ሁለተኛ መጽሐፍ የዞራን ዘመን ከባርነት ዘመን ጋር እያፈራረቀ ይተርካል። በታሪክ ስፋት ከመጀመሪያው ይልቃል። ምስጢሩን የሚፈታው ግን በአብዛኛው ያለፈው ዘመን ራሱ በመሆኑ፣ የልጅቷ ምናብ የሚሠራው ሥራ አንሷል፤ እኔ በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።