ሰርቨሩ ተነሥቷል፤ መግቢያውስ?

የሊኑክስ ሰርቨርን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርቀት ማሻሻል ከሌላው የጥገና ሥራ የሚለየው የሚነካካው ነገር ራሱ ባለሙያው የገባበት መንገድ በመሆኑ ነው። ከርነሉ፣ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር፣ አድራሻ የሚያስይዘው አገልግሎት፣ ፋየርዎሉና ኤስኤስኤች ሁሉም በአንድ ሌሊት ይቀየራሉ፤ ይቀየሩ የሚለው ትእዛዝ ደግሞ የሚተላለፈው በእነዚሁ በኩል ነው። ብዙዎቻችን ግን የምንጨነቀው በሌላ ነገር ነው፤ ፓኬጁ መሀል ላይ ይሰናከል ይሆን፣ ዳታቤዙ አልነሣም ይል ይሆን እያልን እናድራለን። ዳታቤዝ ባይነሣ ገብቶ ማስነሣት ይቻላል። መግቢያው ከጠፋ የሚቀረው ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ድረስ መሄድ ነው፤ ክፍሉ ባሕር ማዶ ከሆነ ደግሞ እዚያ ያለን ሰው መለመን። ክርክሬ ይህ ነው፦ ማሻሻያው ሲካሄድ በእጃችን ያለው ክፍት ሴሽን ከሪስታርት በኋላ ስለሚኖረው መግቢያ አይመሰክርም፤ ስለዚህ ሥራው መታቀድ ያለበት እኛ ምንም ማድረግ ባንችል እንኳ ማሽኑ በራሱ ወደምንደርስበት ሁኔታ እንዲመለስ ሆኖ ነው።

ክፍት ሴሽን የሚያታልለው በተፈጥሮው ነው። የኤስኤስኤች አገልግሎት ለእያንዳንዱ ለገባ ሰው የተለየ ፕሮሰስ ያቆማል፤ በዴቢያንና በኡቡንቱ አገልግሎቱ ተዘግቶ ሲከፈት የሚሞተው በር ላይ የሚጠብቀው ዋናው ፕሮሰስ እንጂ ውስጥ ያለው አይደለም። ሪስታርት እስኪደረግም ድረስ የሚሠራው አሮጌው ከርነል ነው፣ የካርዱም ስም እንደነበረ ነው። ከተርሚናሉ ሲታይ ሁሉ ሰላም ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የወጣው ኦፕን ኤስኤስኤች 9.8 በር ጠባቂውንና ሴሽን አስተናጋጁን ለሁለት ፕሮግራም ከፈላቸው። ማሽኑ ላይ ያለው አሮጌ በር ጠባቂ አዲስ እንግዳ ሲመጣበት ራሱን ከዲስክ እንደገና ይጠራል፤ ዲስኩ ላይ ግን የተቀመጠው አዲሱ ፕሮግራም ስለሆነ አይግባቡም፣ እንግዳውም ይመለሳል። የገባው ሰው ይህን አያይም። በነሐሴ 2025 የወጣው የዴቢያን 13 የመልቀቂያ ማስታወሻ ይህንኑ ያስጠነቅቃል፤ መጀመሪያ ዴቢያን 12ን እስከ መጨረሻው አዘምኑ፣ አለዚያ ማሻሻያው መሀል ላይ ከተቋረጠ ተመልሳችሁ መግባት ላትችሉ ትችላላችሁ ነው ነገሩ።

የካርድ ስም ጉዳይ ከዚህ ይከፋል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚታየው ከሪስታርት በኋላ ብቻ ነው። ከ2013 መጀመሪያ፣ ከሲስተምዲ 197 ወዲህ፣ ኢቲኤች0 ይባል የነበረው ካርድ በተሰካበት ቦታ እየተሰየመ ኢኤንፒ3ኤስ0 የመሰለ ስም ይዟል። ዓላማው ስሙ እንዳይዋዥቅ ነበር። ሆኖም ስያሜው የሚቀመረው ድራይቨሩ ከሚሰጠው መረጃ ስለሆነ ከርነሉ አንድ ተጨማሪ መረጃ ሲገልጥ ስሙም ይረዝማል፤ የኢንቴል አይ40ኢ ድራይቨር በአዲስ ከርነል ስሙ ጫፍ ላይ ኤንፒ0 የሚል ቅጥያ ሲያመጣ የታየው ለዚህ ነው። የአይፒ አድራሻው የተጻፈው በአሮጌው ስም ነው። ማሽኑ በደንብ ይነሣል፣ ካርዱም መብራቱን ያበራል፣ አድራሻ ግን የለውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ በሲስተምዲ የሊንክ ፋይል ካርዱን በማክ አድራሻው ለይቶ የራስን ስም መስጠትና ኢኒትራምኤፍኤሱን እንደገና መሥራት። (ኮፒ እየተደረገ ለሚባዛ ቨርቹዋል ማሽን ይህ አይመከርም፤ ማክ አድራሻው ይቀየራልና።) ከማሻሻያ በኋላ ኔትወርክ ሊያሳጡ የሚችሉ ሌሎች ለውጦችም አሉ፤ ሬድ ሃት 9 የድሮዎቹን የኔትወርክ ስክሪፕቶች አውጥቷቸዋል፣ ዴቢያን 12 ደግሞ ነጻ ያልሆነውን ፈርምዌር ወደ ሌላ የፓኬጅ ክፍል አዛውሮታል።

ታዲያ በራሱ የሚመለስ ማሽን እንዴት ይሠራል? የኡቡንቱ ኔትፕላን ሐሳቡን አስቀድሞ ይዞታል፤ ትራይ የሚለው ትእዛዝ አዲሱን ቅንብር ያስገባና በ120 ሰከንድ ውስጥ ማረጋገጫ ካላገኘ የቀድሞውን ይመልሳል፣ ለአንዳንድ የቦንድና የብሪጅ ቅንብሮች ባይችልም። በሌላው ላይ ከአሥር ደቂቃ በኋላ የድሮውን ፋይል የሚመልስ የሰዓት ሥራ አስቀድሞ መቅጠር ይበቃል። ለከርነሉ ደግሞ ግራብ አለ፤ ነባሩ ከርነል ቋሚ ምርጫ ሆኖ ይቆይና አዲሱ ለአንድ ጊዜ ብቻ እንዲነሣ ይታዘዛል፤ ካልሆነ ኃይል አጥፍቶ ማብራት ወደ ነባሩ ይመልሳል። የሰዓቱ ሥራ የሚሰረዘው አዲስ ግንኙነት ከተከፈተ በኋላ ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኤስኤስኤች ኮንትሮል ማስተር በሚባለው ቅንብር የሚጠቀም ሰው ሁለተኛ መስኮት ሲከፍት አዲስ ግንኙነት የፈጠረ ይመስለዋል፤ የተሳፈረው ግን በአሮጌው ላይ ነው። ፈተናው እውነተኛ እንዲሆን ይህን ቅንብር አጥፍቶ፣ ቢቻል ከሌላ ማሽንና ከሌላ ኔትወርክ መሞከር ያስፈልጋል።

በሰዓት የሚመለስ ነገር አደገኛ ነው የሚል ተቃውሞ አለ፤ ፓኬጅ እየተገለበጠ ሳለ ማሽኑ ቢጠፋ ጉዳቱ ከመግቢያ ማጣት ይብሳል ይላል። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ሰዓቱ ለኔትወርክ ቅንብርና ለሪስታርት እንጂ ለፓኬጅ ተከላው የማይቀጠረው። ለተከላው ቲመክስ አለ፤ መስመሩ ቢቆረጥም ሥራው አይቋረጥም። ግን ቲመክስ ማሽኑ ውስጥ ያለን ሥራ ይጠብቃል እንጂ በር አይከፍትም። የኡቡንቱ ማሻሻያ መሣሪያ በኤስኤስኤች ውስጥ መሆኑን ሲያይ በፖርት 1022 ትርፍ መግቢያ ያቆማል፤ እሱም ጥሩ ነው፣ ፋየርዎሉን ግን ራሳችሁ ክፈቱ ይላል፣ ከሪስታርት በኋላም አብሮን አይኖርም።

ጠንካራው ተቃውሞ የርቀት ኮንሶል ነው። አይድራክ ወይም አይሎ ያለው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን ይላል? ኮንሶል ካለ በእርግጥ ከሁሉ ይበልጣል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አይነካም፣ በእሱም አይነካም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከረው መግቢያ ከጠፋ በኋላ መሆኑ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወደ ኮንሶሉ የሚያደርሰው ቪፒኤን የሚሠራው በዚያው በሚታደሰው ሰርቨር ላይ ሆኖ ይገኛል። ወይም ኮንሶሉ ይከፈትና የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ በዚያ ማሽን ላይ ሰው ሁሉ በኤስኤስኤች ቁልፍ ብቻ ሲገባ ስለኖረ፣ የሩት አካውንትም በኡቡንቱ ልማድ የተቆለፈ ስለሆነ፣ የሚጻፍ የይለፍ ቃል የለም። አሮጌውን ጥሎ አዲስ ማሽን ማቆም ነው የሚሉት የክላውድ ሰዎችም በቦታቸው ትክክል ናቸው፤ ግን ብዙ ዲስክ የተሸከመ የማከማቻ ሰርቨርና የቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት በር የሆነ ጌትዌይ እንዲህ አይጣልም። ጊዜ አጥሮት ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ለመሥራት የሚገደድ ሰው ቢኖር፣ ከማሻሻያው በፊት በኮንሶሉ በኩል በይለፍ ቃል እስከ ሼሉ ድረስ ገብቶ እንዲወጣ እመርጥለታለሁ።