ኮሜንታሪ ስንል

«ኮሜንታሪ»ን «አስተያየት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። አስተያየት ኳሱ የት እንደደረሰ አይነግረንም።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። መጀመሪያ ማስታወሻን፣ ኋላም በመጽሐፍ ላይ የሚሰጥ ማብራሪያን ያመለክት ነበር። በዚህ ፍቺው ለኛ ባዳ አይደለም፤ አንድምታ አለን። ሬዲዮ ሲመጣ ግን እንግሊዞች ይህንኑ የመጽሐፍ ቃል ሜዳ አወጡት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 1927 ቢቢሲ የእንግሊዝንና የዌልስን የራግቢ ግጥሚያ ከትዊክንሃም ሲያስተላልፍ፣ ከተናጋሪው ከቴዲ ዌክላም ፊት አንድ ዓይነ ስውር አስቀምጠውለት ነበር ይባላል፤ ለሱ እያየለት እንዲነግረው። በሳምንቱ አርሴናልና ሼፊልድ ዩናይትድ ሲጫወቱ ደግሞ በስምንት ክፍል የተከፈለ የሜዳ ንድፍ በሬዲዮ ታይምስ መጽሔት ወጣ። አድማጩ ወረቀቱን ይዞ ኳሷን በቁጥር ይከተላታል።

እዚህ ላይ ቃሉ ያው ሆኖ ሥራው ተለወጠ። አንድምታ ተርጓሚው ጽሑፉ የትም አይሄድበትም፤ «አንድም» እያለ ከፍቺ ወደ ፍቺ ይሻገራል። የኳሱ ሰው «አንድም» ሲል ጎል ይገባል! እንግሊዝኛው ማብራራትንም እያዩ መንገርንም በአንድ ስም ስለሚጠራ፣ የትኛው እንደሚቀድም ከቃሉ አይታወቅም።

የኛው «ጨዋታ አስተላላፊ» ይሻል ነበር። ማስተላለፍ እዚህ ያለውን እዚያ ላለው ማድረስ ነው፤ ተቀባይ አለው። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትታ የሴካፋን ዋንጫ የወሰደችበት ጨዋታ ከደምሴ ዳምጤ ድምፅ ጋር የሚታወሰው በከንቱ አይደለም። (የሱን ጩኸት ብቻ የወረሱ ብዙ ናቸው፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው።)

አሁን «ኮሜንታተር» ሆነናል። ክንፍ ላይ ኳስ እየተገፋ የአጥቂው የዝውውር ዋጋ፣ የአሠልጣኙ ያለፈ ክለብ ይዘረዘራል። በቴሌቪዥን እሺ፣ ምስሉ አለ፤ እንዲያውም እዚያ ዝም ማለትም ሙያ ነው። በኤፍኤም ሬዲዮ ግን ምኑን ልይ? ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ ሳለ፣ ተናጋሪው ስለ ዝውውሩ ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ይጮኻል። ከኋላ ወንበር «ማን አገባ?» ይባላል። ሾፌሩም አያውቅ።