ፕሌትሌትን መቍጠር ብቻ ይበቃልን?

ኤች አይ ቪ በደማቸው ስለሚገኝ ሰዎች በሀገራችን ከሚጻፉት የደም ጥናቶች ብዙዎቹ አንድ መልክ አላቸው። የሕሙማኑ ደም በአንድ ወቅት ተቀድቶ በመቍጠሪያ መሣሪያ ያልፋል፤ ፕሌትሌታቸው በአንድ ማይክሮሊትር ከ150,000 በታች የኾነው ከመቶ ስንቱ እንደ ኾነ ይጻፋል፤ ይኸው አኀዝ ከሲዲ4 ቍጥር ጋር ተነጻጽሮ ጥናቱ ይዘጋል። ሥራው ድካም ያለበት ነውና አንንቀውም፤ የመድማት አደጋ ያለበትን ሕመምተኛ ለማወቅም ቈጠራው ያስፈልጋል። ነገር ግን ፕሌትሌትንና በሽታ ተከላካይ ሕዋሳትን በኹለት ዐምድ ለያይቶ ማስቀመጥ ዋናውን ነገር ይሰውራል እንላለን። ገበያተኛውን ቈጥሮ፥ ማን ከማን ጋር እንደ ተገበያየ ሳይጠይቁ እንደ መመለስ ነው።

ፕሌትሌት በመቅኔ ውስጥ ከሚገኙ ግዙፍ ሕዋሳት እየተቈረሰ የሚወጣ፥ ኒውክሊየስ የሌለው፥ ከአንድ ሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ያህል የሚቈይ ደቃቅ አካል ነው። የሚታወቀው ደምን በማርጋቱ ነው። ሲነቃ ግን ፒ-ሴሌክቲን የተባለውን ፕሮቲን ወደ ላዩ ያወጣል፤ ሞኖሳይት የተባለው ነጭ የደም ሕዋስም ይህን ፕሮቲን የሚይዝበት ተቀባይ ስላለው ኹለቱ ይጣበቃሉ። የተጣበቀው ሞኖሳይት ይቈጣል፤ ብግነት የሚያነሣሡ ኬሚካሎችን ይረጫል፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ መለጠፍም ይቀለዋል። ኤች አይ ቪ ሥር በሰደደበት ሰው ደም ውስጥ እንዲህ ያሉ ጥንዶች በዝተው እንደሚገኙ በውጭ አገር ጥናቶች ታይቷል። ከዚህም የሚያስደንቀው፥ እ.ኤ.አ. በ2020 የፓሪስ ተመራማሪዎች ያወጡት ነው፤ ቫይረሱ በመድኃኒት ተገትቶ ሳለ ሲዲ4 ቍጥራቸው አልመለስ ካላቸው ሰዎች መካከል፥ መራባት የሚችል ቫይረስ በፕሌትሌታቸው ውስጥ የተገኘባቸው ነበሩ። እንግዲህ «ፕሌትሌት 200,000፥ ደኅና» ብሎ የሚያልፍ መዝገብ ከዚህ ኹሉ አንዱንም አያሳየንም። እንዲያውም ከነጭ ሕዋስ ጋር የተጣበቀ ፕሌትሌት በመሣሪያው ሳይቈጠር ሊቀር ይችላል።

ነገሩ የላቦራቶሪ ሰዎች ክርክር ብቻ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን በነጻ መታደል የዠመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ያን ጊዜ የዠመሩት አኹን በዕድሜ ገፍተዋል፤ የሚያሠጋቸውም የልብና የአንጎል ደም ሥር መዘጋት እየኾነ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመው ስማርት የተባለው ታላቅ ሙከራ መድኃኒትን እያቋረጡ መውሰድ ሞትን እንደሚያበዛ አሳየ፤ ከኹለት ዓመት በኋላም የደም መርጋትና የብግነት ምልክቶች መጨመር ከሞት ጋር መያያዙ ታወቀ። አስፒሪን ይሰጣቸውና ይለቅ የሚል ቢኖር፥ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ ለ12 ሳምንት የተሰጠው አስፒሪን የተከላካይ ሕዋሳቱን ቍጣ ከባዶ ክኒን የበለጠ እንዳልቀነሰ ይመልስለታል።

ከሀገር ውስጥ ሥራዎች ለዚህ ጥያቄ መሠረት የሚኾነው እ.ኤ.አ. በ1994 የተዠመረው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ሥራ ነው። መሰለና ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ ጤነኞች ኢትዮጵያውያን ከሆላንዳውያን ይልቅ የነቁ ቲ ሴሎች እንደሚበዙባቸው፥ ገና ያልተፈተኑት ግን እንደሚያንሱባቸው አሳይተዋል። የሌላ አገር ሚዛን ለእኛ ደም እንደማይበቃ ይህ ጽሑፍ በቂ ማስረጃ ነው። የተመለከተው ግን ቲ ሴሎችን ነበር። ከእርሱ በኋላ ከተነሡት ቈጣሪዎች ብዙዎቹ ትምህርቱን ወደ ፕሌትሌት አላሻገሩትም፤ 150,000ን እንዳለ ተቀብለውታል።

ዕንቅፋቱን አናቃልለውም። በመንዝ ያለችውን ዘመሮን እናስብ። ከክንድ የተቀዳ ደም በመኪና እየተናወጠ ወደ ደብረ ብርሃን፥ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ቢላክ ፕሌትሌቱ በመንገድ ላይ ይነቃል፤ ከሞኖሳይትም ጋር ይጣበቃል። ያን ጊዜ የምንለካው በሽታውን ሳይኾን መንገዱን ነው። ስለዚህ ብዙ ቀሊል ጥናት ያደረገው የከተማው ሰው ብቻ ነው፤ ደገኛው ከሒሳብ ውጭ ነው። መድኃኒቱ ግን አለ። ደሙ በሲትሬት ብልቃጥ እንደ ተቀዳ ወዲያው እዚያው በፎርማሊን ቢታሰር ጥንዶቹ በነበሩበት ይቈያሉ። በትልልቅ ላቦራቶሪዎቻችን ሲዲ4ን የሚለየው ፍሎው ሳይቶሜትር፥ አንዱ ሞኖሳይትን ሌላው ፕሌትሌትን የሚያመለክት አንቲቦዲ ቢታከልለት ጥንዶቹንም ይለያል።

አንድ ነገር እንጨምራለን። እንዲህ ያለ ጥናት ሲደረግ ቫይረሱ የሌለባቸው የዚያው የዘመሮ ጎረቤቶች ደም ጎን ለጎን ይወሰድ እንጂ ማነጻጸሪያው ከመጽሐፍ አይቀዳ። ያለዚያ ከቍጣው የቱ የቫይረሱ፥ የቱ የትላትሉና የሌላው ተላላፊ በሽታ እንደ ኾነ የሚለይበት መንገድ አይኖርም።