የዕድገት ደረጃዎች ንድፈ ሐሳብና የሰሜን ሸዋ ልጅ

ለመምህራን በሚሰጠው የሥነ ልቦና ትምህርት የስዊሱ ሊቅ የዣን ፒያዤ የዕድገት ደረጃዎች ሰፊ ቦታ ይዘው ይገኛሉ። በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ልጅ እስከ 2 ዓመቱ በስሜት ሕዋሳቱና በእንቅስቃሴው፣ እስከ 7 ዓመቱ በምስልና በቋንቋ፣ እስከ 11 ዓመቱ ገደማ በሚጨበጥ ነገር ላይ በተመሠረተ አመክንዮ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በረቂቅ አስተሳሰብ ዓለምን ይረዳል።

የንድፈ ሐሳቡ ታላቅ ፋይዳ ሕፃን አካሉ ብቻ ያነሰ አዋቂ አለመሆኑን ማስረዳቱ ነው። መደመርን በጠጠርና በባቄላ ማስጀመር ከቃል ጥናት እንደሚሻልም ያሳያል። ጉድለቱ የሚታየው ዕድሜው እንደ ቁርጥ ወሰን ሲወሰድ፣ ፈተናውም ከልጁ ኑሮ ሲነጠል ነው።

የታወቀው ፈተና ውኃን ከሰፊ ብርጭቆ ወደ ቀጭን ብርጭቆ ገልብጦ መጠኑ ተለውጦ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ፓትሪሺያ ግሪንፊልድ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣችው የሴኔጋል ጥናት፣ ልጆቹ ውኃውን ራሳቸው ሲገለብጡ ትክክለኛ መልስ የሰጡት በርክተው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣ የሜክሲኮ ጥናትም የሸክላ ሠሪ ልጆች የጭቃ መጠን ቅርጹ ሲለወጥ እንደማይለወጥ በመረዳት ከእኩዮቻቸው ልቀው ታይተዋል። ፒያዤ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1972 ረቂቅ አስተሳሰብ እንደ ሙያውና እንደ ዝንባሌው በተለያየ መስክ ሊገለጥ እንደሚችል ጽፏል።

እንግዲህ በደብረ ብርሃን ዙሪያ በጎች የሚጠብቀው ብላቴና በምን ሊመዘን ይገባል? የጎደለችውን በግ በመልኳ ለይቶ የሚያውቅ፣ በጥላ ርዝመት የመመለሻውን ሰዓት የሚገምት ልጅ በባዕድ ዕቃ ሲፈተን ቢያመነታ፣ አእምሮው ዘገየ ማለት አይቻልም። የአንኮበርን ዳገት ውኃ ተሸክማ ለምትወጣው ልጃገረድም ውኃን ከዕቃ ወደ ዕቃ መገልበጥ የዕለት ሥራዋ ነው። ከዚህም በላይ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 የመንዝን ገበሬ ሕይወት መሠረት አድርጎ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ ለታላቅ መታዘዝ በአስተዳደጉ ከፍ ያለ ግምት ይሰጠዋል። ስለዚህ በመምህር ፊት ዝም ማለት ካለማወቅ ይልቅ የአክብሮት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሲባል ግን የአገሩ ልማድ ከነቀፋ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ጨቅላ፣ ሕፃን፣ ብላቴና፣ ጎረምሳ፣ ኮረዳ የሚለው አከፋፈል ዕድሜን ከመቁጠር ይልቅ አቅምንና ኃላፊነትን ያያል፤ ጥበቡም በዚህ ላይ ነው። ለሴት ልጅ ግን የጉርምስናው ዘመን በጋብቻ ሲቆረጥ ኖሯል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የፈቀደው የጋብቻ ዕድሜ 15 ነበር፤ የተሻሻለው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ወደ 18 ከፍ አድርጎታል። ሆኖም ሕጉ የሰጣት 3 ዓመት በትምህርት ካልተሞላ ባዶ ጊዜ ሆኖ ይቀራል።

ለዕቅድ አውጪዎችም ማሳሰቢያ አለ። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ በተደራጀ መልክ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በመሆኑም ከዚያ በፊት ከተወለዱት መካከል ዕድሜያቸው በግምት የተጻፈ ብዙዎች ናቸው፤ በግምት ዕድሜ ላይ የተመሠረተ የደረጃ ፍርድ ደግሞ ከግምት አያልፍም። የዕድገት ደረጃ ለመምህሩ መንገድ አመልካች ነው፤ የልጁን መግቢያ የሚዘጋ በር መሆን የለበትም። ልጁ የሚያውቀውን በሚያውቀው ዕቃ፣ በሚሠራው ሥራ ውስጥ መጠየቅ የምዘናው መጀመሪያ ሊሆን ይገባል።