የአባት መድረክ፣ የልጅ ካሜራ፦ የኃይሌ ገሪማ የቤተሰብ ውርስና የፊልም ሥራ

በእኛ አገር የአንድ ተዋናይ ወይም የፊልም ሰው የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ የቤተሰቡ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። «ከእናቱ ከወይዘሮ እገሊት፣ ከአባቱ ከአቶ እገሌ በዚህ ቀን በዚህ ስፍራ ተወለደ» ይባልና ወዲያው ወደ ትምህርቱ፣ ከዚያም ወደ ሥራዎቹ ዝርዝር ይታለፋል። ያ ቤት ለልጁ ምን እንዳስተማረው፣ አባትየው ምን ጀምሮ ምን ሳይቋጭ እንደቀረ፣ የአያት ተረት ከዓመታት በኋላ በየትኛው ትዕይንት ብቅ እንዳለ የሚጠይቅ ሐያሲ ጥቂት ነው። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን በኃይሌ ገሪማ ሥራዎች ላይ ያነሣል። ኃይሌ ከአባቱ ከገሪማ ታፈረ አንድ የአሠራር ልማድና አንድ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ወርሷል ብዬ እከራከራለሁ። እነዚህን ሁለቱን ሳያዩ ፊልሞቹን በቅጡ ማንበብ የሚቻል አይመስለኝም።

ለንጽጽር የህንድን ሲኒማ ማንሣት ይጠቅማል፤ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በክፍለ ሀገር ከተሞች የቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ያደገ ትውልድ የህንድ ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ «አክተሩ» እንደሚባል፣ «አክተሩ»ም ምን ቢደበደብ እንደማይሞት ያውቃል። ዛሬ ደግሞ የህንድ ድራማ በዚ ዓለም ጣቢያ አማርኛ እየተናገረ ሳሎን ገብቷል። የእኛ ተመልካች ግን የሚያውቀው ፊቱን ነው። በህንድ የተዋናዩ ቤት ከትወናው እኩል ይወራል፤ አንዳንዴም ይበልጣል።

የካፑር ቤተሰብ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ፕሪትቪራጅ ካፑር እ.ኤ.አ. በ1944 ፕሪትቪ ቲያትርን አቋቁሞ ቡድኑን ከከተማ ከተማ ይዞ ዞረ። ትርኢቱ ሲያበቃ ራሱ በር ላይ ይቆምና አንገቱን ደፍቶ፣ ጨርቅ ዘርግቶ ከተመልካች መዋጮ ይቀበል ነበር። ልጁ ራጅ ካፑር ሙያውን ከታች፣ በዳይሬክተር ኪዳር ሻርማ ሥር ክላፐር መቺ ሆኖ ጀመረ። በ1948 አር ኬ ፊልምስን መሠረተ፤ በ1951 ደግሞ «አዋራ»ን ሠራ። የዚህ ፊልም ታሪክ ስለ ዘርና ስለ አስተዳደግ ነው። የሌባ ልጅ ሌባ፣ የጨዋ ልጅ ጨዋ ይሆናል ብሎ የሚያምን አንድ ዳኛ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ያባርራል፤ ልጁ በድሆች ሰፈር አድጎ ሌባ ሆኖ በፊቱ ይቆማል። ራጅ ልጁን ራሱ ተጫወተ፤ ዳኛውን አባቱ ፕሪትቪራጅ፣ የልጁን ሕፃንነት ታናሽ ወንድሙ ሻሺ ተጫወቱት። አያቱ በሼሽዋርናት እንኳ በዳኛ ወንበር ላይ ይታያሉ። በዘር ማመንን የሚያወግዘው ፊልም በአንድ ዘር ተዋናዮች ተሠራ ማለት ነው። በ1970 «ሜራ ናም ጆከር» ሲከስር ቤቱን መልሶ ያቆመው በ1973 ልጁ ሪሺ በመሪ ተዋናይነት የቀረበበት «ቦቢ» ነው። በካፑር ቤት ቤተሰብ በርም ዋስትናም ነበር። በሩ ግን ለሁሉም አልተከፈተም፤ በቤቱ ባህል ሴቶች ልጆች ከካሜራ ፊት እንዳይቆሙ ተደርገው ኖረው፣ ይህ የተሰበረው በ1991 ካሪሽማ ስትመጣ ነው።

ኃይሌ ገሪማ በጎንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1946 ተወለደ። የጣሊያን ወራሪ ከአገር ከወጣ ገና አምስት ዓመቱ ነበር፤ በየቤቱ የሚወራውም የጫካው ዘመን ነበር። አባቱ ገሪማ ታፈረ ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ። ቡድናቸውን ይዘው በየአገሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር፤ ልጃቸውም በልጅነቱ ከአባቱ ቡድን ጋር መድረክ ላይ ወጣ። በ1949 ዓ.ም. የታተመው «ጎንደሬ በጋሻው» የጎንደርን አርበኞች ተጋድሎ የመዘገቡበት መጽሐፋቸው ነው። ማታ ማታ ደግሞ እሳት ዙሪያ የአያት ተረት ነበር። ኃይሌ ስለ ሙያው ምንጭ በተጠየቀ ቁጥር ከትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ያንን እሳት ያነሣል። በዚሁ ልጅነት ሌላ ትምህርት ቤትም ነበረው። እርሱም የአሜሪካ ፊልም ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር ታርዛንን እያየ ለታርዛን ያጨበጭብ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ተዋናይ ለመሆን ቺካጎ ወደሚገኘው ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ሄደ። በአባቱ መድረክ ላይ አርበኛ ሲወራ የሰማ ወጣት እዚያ የሚደርሰው የአሽከርና የአጃቢ ሚና ሆነ። የሙያ ሕይወቱ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሌላው ሰው በጻፈው ታሪክ ውስጥ ጥሩ አሽከር ሆኖ ከመጫወት ታሪኩን ራሱ መጻፍ እንደሚሻል የተረዳው ፊልም ከመማሩ በፊት ነው፤ አባቱ በጎንደር ሲያደርጉ ያየውም ይህንኑ ነበር። ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ገብቶ ፊልም ሲያጠና ከቻርልስ በርኔት፣ ከጁሊ ዳሽና ከላሪ ክላርክ ጋር ተገናኘ። ይህ ትውልድ በኋላ የሎስ አንጀለስ ዓመፀኞች ተብሎ ተጠራ። በዚያው ዘመን የሠራው «ቡሽ ማማ» መግቢያ ላይ የከተማዋ ፖሊሶች የፊልሙን ሠራተኞች አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል፤ ትዕይንቱ የተተወነ ሳይሆን በእውን የደረሰባቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጸ። ፊልሙ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ነው። ተዋናዮቹ ሙያተኞች አይደሉም። በ1976 በሎካርኖ የብር ነብር ሽልማት አግኝቷል።

እዚህ ፊልም ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ባለመሬቱ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሳይነሣ ጭሰኞቹን ይጮህባቸዋል። ካሜራው ደግሞ ከሩቅ ሆኖ ሜዳውን፣ በሬዎቹን፣ ጎንበስ ብሎ የሚያርሰውን ሰው ለረጅም ጊዜ ይመለከታል። ትዕይንቱ ቶሎ አይቆረጥም። የአርሶ አደር ቀን እንዴት እንደሚረዝም ተመልካቹ በገዛ ሰውነቱ ይሰማዋል። በሕልም በሚታየው ክፍል የጭሰኛው ልጅ እናትና አባቷ እንደ በሬ ቀንበር ተጭኖባቸው ሲያርሱ ታያለች። ይህቺው ልጅ በኋላ የባለመሬቱን ላም ከጎርፍ አተርፋለሁ ስትል ውኃ ይወስዳታል። ላሟ የማን እንደሆነች ማንም አይነግረንም፤ መናገርም አያስፈልግም፤ ከባለመሬቱ ወንበር ጀምረን ስናየው ቆይተናልና።

የፊልሙ ልብ ግን ዕብዱ ነው። ይህ ሰው በጣሊያን ጊዜ አርበኛ ነበር። ከነፃነት በኋላ መሬቱን ተነጥቆ መንገድ ላይ ቀረ። እውነቱን የሚናገረው እርሱ ብቻ ስለሆነ ዕብድ ተባለ፤ በመጨረሻም ባለመሬቱን በዱላ ደብድቦ ይገድለዋል። አሁን ይህን ከአባትየው መጽሐፍ አጠገብ እናስቀምጠው። ገሪማ ታፈረ አርበኛው ምን እንደሠራ ጻፉ፤ ልጃቸው አርበኛው ምን እንደደረሰበት ጠየቀ። በመጽሐፉ የተወደሰው ጀግና በፊልሙ ውስጥ ቡትቶ ለብሶ ይዞራል። አባቱን የሚያዋርድ ጥያቄ አይደለም፤ ከአባቱ ሥራ የሚወጣ የማይቀር ጥያቄ ነው። ከዚህ በላይ የጠለቀ የአባትና የልጅ ንግግር በእኛ ኪነ ጥበብ ውስጥ አላውቅም።

ፊልሙ ለጌዴኦ አንባቢም የራሱ የሆነ ትርጉም አለው። ታሪኩ የሌላ አካባቢ ቢሆንም ይርጋጨፌ ወረዳ ዱመርሶ ላይ በቡናና በእንሰት ጥላ ሥር ያደገ ሰው ያንን የባለመሬት ወንበር ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ ላይ ጦር የያዘ የጌዴኦ ገበሬ ጠመንጃ ከያዘ ባለመሬትና ከመንግሥት ኃይል ጋር ተጋጥሞ ተሸንፏል። የመሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ታወጀ፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ለዓለም የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ፊልሙ በአዋጅ ያለፈን ሥርዓት በሕያውነቱ ይዞ ያቆየ ሰነድ ሆኗል። ሚጪሌ ግን እንዲህ ያለ ፊልም አላገኘም።

«ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ የአባትየው ሌላ ውርስ ይታያል፤ እርሱም የአሠራር ነው። ስለ ባርነት በተሠራው በዚህ ፊልም ላይ አከፋፋዮች በራቸውን ሲዘጉ ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት፤ ከዚያ ከከተማ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ተመልካቹ በአፍ እየተጠራራ አዳራሽ ሞላ። አባቱ በኢትዮጵያ ገጠር ያደረጉት ከዚህ በምን ይለያል? ፕሪትቪራጅ በር ላይ ቆሞ ጨርቅ ሲዘረጋ ያደረገውስ? ሦስቱም ሥራቸውን ለተመልካች በእጃቸው አደረሱ። ልዩነቱ ሺሪኪያና ላይ ነው። እርሷ ራሷ ዳይሬክተር ናት፤ በ1997 «የማይመለሱበት በር»ን አስመልክቶ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። በገሪማ ቤት ሴቲቱ የሥራው እኩል ባለቤት ናት። በ1998 በዋሽንግተን የከፈቱት ሳንኮፋ የመጻሕፍትና የቪዲዮ ቤትም ከሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ ኃይሌ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ባስተማረበት ሰፈር ይገኛል።

ውርሱ ግን ዋጋ አስከፍሎታል፤ ይህንንም መደበቅ ተገቢ አይደለም። በስቱዲዮ ያልተደገፈ ፊልም ዓመታትን ይበላል። ዘጋቢው «አድዋ» እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፤ «ጤዛ» የደረሰው በ2008 ነው። ካፑሮች ሲከስሩ በቀጣዩ ፊልም ይነሣሉ፤ ኃይሌ ግን እያንዳንዱን ፊልም ከዜሮ መጀመር ነበረበት። ሌላው ጉድለት ከአባቱ መድረክ የመጣ ይመስለኛል። ገጸ ባሕርያቱ አንዳንዴ ከመኖር ይልቅ ንግግር ያደርጋሉ። በ«ጤዛ» የጀርመኑ ክፍል ተማሪዎቹ ስለ አብዮት ሲከራከሩ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥን ያህል ይሰማናል፤ ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም ሰዎቹ ይቀጥኑብናል።

መንደሩ ላይ ስንመለስ ፊልሙ እንደገና ይተነፍሳል። አሮን አረፈ የሚጫወተው አንበርብር አንድ እግሩን በባዕድ አገር ጥሎ፣ ትዝታውም ተቆራርጦበት ወደ እናቱ ቤት ጣና ዳር ይመለሳል። በታከለች በየነ የተጫወተችው እናት ለመጣው ልጇ ብዙ አትናገርም፤ ትመለከተዋለች፣ ታበላዋለች፣ ትጸልይለታለች። ፊልሙ የምሁሩን ትውልድ የሚወቅሰውም የሚምረውም በእርሷ ዓይን ነው። «ጤዛ» በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በፌስፓኮ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ተሸልሟል። ለእኔ ግን ትልቁ ስኬቱ ያቺ ዝምተኛ እናት ናት።

ሦስተኛው ትውልድ የኃይሌ ልጅ መራዊ ገሪማ ነው። የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ «ሬዚዱ» እ.ኤ.አ. በ2020 በቬኒስ ታየ። ታሪኩ አንድ ወጣት ስላደገበት የዋሽንግተን ሰፈር ፊልም ሊጽፍ ሲመለስ ሰፈሩ በአዲስ መጤ ሀብታሞች ተይዞ፣ የልጅነት ጓደኞቹም ተበትነው ማግኘቱ ነው። አንበርብር ጣና ዳር፣ ይህ ወጣት ዋሽንግተን ቢመለሱም ጥያቄያቸው ያው ነው፤ ሄዶ የተመለሰ ልጅ ለቀሩት ምን ዕዳ አለበት? ጥያቄው መሬቱን ከተነጠቀው አርበኛ ይጀምራል፣ በምሁሩ ያልፋል፣ ሰፈሩን የተነጠቀ ልጅ ላይ ይደርሳል። የካፑር ቤት ለልጁ ሚና አወረሰ፤ የገሪማ ቤት ይህንን ክርክር አወረሰ።

በዚህ ምክንያት ለዲላ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብና የታሪክ መምህራን አንድ ጥያቄ አለኝ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ወደ ዱመርሶና ወደ ሚጪሌ ይዛችሁ ውጡ። በጌዴኦኛ የሚተረጉም ሰው ከጎኑ ይቁም። ፊልሙ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን በድምፅና በምስል ቅረጹ፤ ያኔ ሚጪሌ ላይ ጦር ይዘው የወጡት አባቶቻቸው እነማን እንደነበሩ፣ ከሽንፈቱ በኋላም ቤታቸው እንዴት እንደኖረ ይናገሩ። በ1952 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 80 ዓመቱን አልፏል።