«ሊሠራ ነው» ማለት መቼ ማለት ነው?

«የጭሮ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሊሠራ ነው» የሚል የዜና ርዕስ አነበባችሁ እንበል። መንገዱ ዳር ሱቅ ያላት ሴት ዕቃዋን ዛሬ ታንሳ ወይስ ለሌላ ዓመት ኪራይ ትክፈል? ርዕሱ አይነግራትም። «ዝናብ ሊዘንብ ነው» የምንለውም እኮ በዚሁ አነጋገር ነው። ደመና ግን በጀት አይጠይቅም፣ ፊርማም አይጠብቅም።

እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ይለያል። «ኢዝ ቱ ቢ ቢልት» ሲል ውሳኔ አለ፤ ቀኑ ግን ገና ሩቅ ሊሆን ይችላል። «ኢዝ አባውት ቱ ቢ ቢልት» ከሆነ ሥራው ደርሷል፣ ዶዘሩ ደጅ ላይ ነው። «ኢዝ ዱ ቱ ቢ ቢልት» ደግሞ የጊዜ ሰሌዳ ተይዞለታል። ለዝናብ «አባውት ቱ ሬይን» ይባላል፤ «ኢዝ ቱ ሬይን» ግን ለጆሮ ይከብዳል፣ ማን ወስኖት! ክፍል ውስጥ ታዲያ ይህ አይነሳም። ፓሲቭ ቮይስ ማለት ዓረፍተ ነገር መገልበጥ ብቻ ይመስላል። ሦስቱንም «ሊሠራ ነው» ብሎ የሚያልፍ ዜና ዕቅዱን የደመና ያህል ቅርብ ያስመስለዋል።

አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። «እንዲሠራ ተወስኗል» እና «ሊጀመር ሳምንት ቀርቶታል» እያለ ይለያል፤ ርዕስ ስለሚያረዝሙ ነው የሚተዉት። ያለፈውንማ ጎበዝ ነው፦ ውሉ እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሰጥ የባቡሩ ሐዲድ እስከ ሐረር ሊዘረጋ ነበር። ተራራ መውጣቱ ውድ ሆነና በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ ሐረርም ቀረባት። ዛሬም ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ባቡሩ የሚያልፈው በቆላው በሚኤሶ እንጂ በጭሮ አይደለም። «ሊዘረጋ ነበር» ያለ ሰው እንዳልተዘረጋ በዚያው ነግሮናል። አንድ «ሊሠራ ነው» ስንት ዓመት ሲቆይ «ሊሠራ ነበር» እንደሚሆን ግን ደንብ የለውም።

አድራጊውስ? ሦስቱም የእንግሊዝኛ አነጋገሮች ማን እንደሚሠራው አይናገሩም። የእኛ ጽሑፍ ይብሳል፣ አድራጊና ተደራጊን ራሱ ያምታታል። «ዶሮው ሊበላ ነው»፦ ጥሬ ሊለቅም ወይስ ወጥ ሊሆን? ስንናገር «በ»ን ካጠበቅናት ዶሮው አለቀለት፤ ካላላናት እየለቀመ ነው። ፊደላችን ግን መጥበቅን አይጽፍም። ጭሮ ውስጥ አፋን ኦሮሞም አማርኛም የሚናገር ልጅ ይህን ቶሎ ያያል። በአፋን ኦሮሞ «ኛታ» ሲሆን ዶሮው በላተኛ ነው፣ «ኛተማ» ሲሆን ተበላ፤ የገባችው «መ» በጽሑፍም በግልጽ ትታያለች። በአማርኛ ሲጻፉ ሁለቱም «ይበላል» ናቸው።